ሰባት መቶ

አባቴ ኦስባልዶ፣ ጆሮው ከደከመ፣
ሦስተኛ ማርሽን ከረሳ ከረመ።
በሁለተኛ ብቻ፣ ነዳጅ እንደረገጠ፣
ከበጎቹ በረት እስከ አስፋልቱ ድረስ በጠጠር እየሮጠ።
የፎርዱ ጩኸት ሸለቆውን ሲያምስ
እሱ መስኮት ከፍቶ ይቀበላል ነፋስ።
“ጸጥ ብሏል” ይለኛል፣ “አዲሱ ዘይት ተስማማው።”
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤
ኑንሲያታ ግን ከወንዝ ማዶ ሰማችው።
ትደውልልኛለች፦ “አባትሽ ወጥቷል መሰል፤
ካልሆነም ጎረቤት አሳማ ያርዳል።”

ከበግ ጠጉሩ ሽያጭ ጥቂት ገንዘብ አትርፌ
ከትሬሌው ቆጣሪ ገዛሁለት፤ ጥቁር ፊት፣ ቀይ መርፌ፤
ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደዞረ
ለዓይን የሚናገር፣ ጆሮው ላስቸገረ።
አባቴ አኮረፈ፦
“ሃምሳ ዓመት ነዳሁት ያለ አንዳች ሰዓት፤
ደግሞ ይኼ ምንድነው፣ የሕፃን መጫወቻ ዓይነት?”

አልመለስኩለትም። ኮፈኑን አንስቼ፣
ነፋሱ እንዳይጥለው በመጥረጊያ እንጨት ደግፌ አጽንቼ፣
ሥራ ጀመርኩ።

አራት ሽቦ ነው።
ጥቁሩ ማሳ፤ ቀለም ፍቄ፣ ዝገት ፍቄ፣
ብረቱ እስኪያበራ፣ በቡሎን አጥብቄ።
ቀዩ ከፊውዙ ሳጥን፣ ቁልፍ ሲዞር ብቻ እንዲነቃ፣
ሌሊት ባትሪውን ጠጥቶ እንዳያበቃ።
ነጩ ለመብራቱ፣ ለማታው መንገድ።
አረንጓዴው ግን፣ እሱ ነው ዋናው ገመድ፤
ከኮይሉ ኔጌቲቭ፣ ካንዴላ ሲተኩስ
ምቱን እየለቀመ ለመርፌው የሚያደርስ።

ከመሪው ሥር ገባሁ፤ ጀርባዬ ወለል ላይ፣
እግሬ በበሩ ወጥቶ፣ አናቴ የማይታይ።
አቧራ፣ የበግ ጠጉር፣ የደረቀ ገለባ፤
የእናቴ የፀጉር መያዣ፣ ሁለት ጥርሱ የተሰበረ፣
ማንም ሳያየው ስንት ዓመት እዚያ የነበረ።
ኪሴ ከተትኩት። አልተናገርኩም።

አባቴ በበሩ ባትሪ ያበራልኛል፤
ብርሃኑ ቀስ እያለ ወደ በጎቹ ይሄድብኛል።
“አባዬ፣ እዚህ!”
“እ?”
“እዚህ ጋ!”
“አዎ፣ ዛሬ ነፋሱ በርትቷል።”

ገመዱን አሾለክሁ፤ ስለቱ እንዳይልጠው
ከአሮጌ ጎማ ቀለበት ቆርጬ አለበስኩት፤
ከማርሚታው አርቄ በናስትሮ ጠቀለልኩት።
ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው አጓራ፣
ሞተሩ ተነሣ፤ መርፌውም ተነሣ፣ ፊቱ በራ፤
ወጣ፣ ወጣና ቆመ።
አንድ ሺህ አራት መቶ።

“ይኸው! ቆሞ እንኳ ምን ያህል እንደሚሮጥ ተመልከት!”
አባቴ ተመለከተ። መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ አኖረ፣
የታመመ ጥጃ ሆድ እንደሚዳብስ ሰው፣
ዓይኑን ከደነ፤ ቆየ።
“ሰባት መቶ ነው።”
“መርፌው እኮ—”
“መርፌሽ ዋሽቷል። ሰባት መቶ።”

ተከራከርኩት፣ ጮኼ፣ በጣቴ እያሳየሁ፣
በልቤም “እርጅና፣ እልህ ብቻ” እያልሁ።
ማታ፣ ማቴ አፍልቼ፣ ወረቀቱን ዘርግቼ
አነበብኩት ከታች፣ ደቃቁን ጽሕፈት፣ መነጽር አጥልቄ።
ከቆጣሪው ጀርባ ጥፍር የምታህል ማብሪያ፦
አራት፣ ስድስት፣ ስምንት፤ የሲሊንደር መለያ።
እኔ አራት ላይ ትቻታለሁ።
የኛ ፎርድ ስምንት ነው፤
አንዱን ዙር ሁለት ብሎ ነበር የቆጠረው።

ሲነጋ ወጣሁ። በካቻቪቴ ጫፍ ገፋኋት፤ ሞተሩን አስነሣሁ።
መርፌው ሰባት መቶ ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ረጋ።
አባቴ ከደጅ ቆሞ ነበር፣ ጃኬቱን ደርቦ።
ይቅርታ ልለው ስጀምር፣
“የመርፌሽ ጆሮ ተሻለው” አለና
ወደ በጎቹ ሄደ።

ሁለት ሺህ አምስት መቶ ላይ በጥፍር ቀለም
ቀይ ነጥብ አድርጌለት ነበር፣ “እዚህ ስትደርስ ማርሽ ለውጥ” ብዬ።
እሑድ ሲነሣ ግን በመስኮቱ አየሁት፤
ባርኔጣውን አውልቆ ቆጣሪው ላይ ሰቀለ።
አንድ እጁ መሪው ላይ፣ አንዱ ዳሽቦርዱ ላይ፣
በጠጠሩ መንገድ ተንከባሎ ወረደ።

ብዙ ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ኑንሲያታ ነበረች።
“ማለን፣ አባትሽ ደኅና ነው?” አለች።
“በበሬ ሲያልፍ አየሁት።
አልሰማሁትም።”