ውሃ ልክ

አባቴ ፊርሚን ግንበኛ ነበረ፣
አርባ ዓመት ከድንጋይ ሲሟገት የኖረ።
ዛሬም በጡረታው ከኪሱ አይለይም
ቢጫ ውሃ ልኩ፣ ከመዳፍ አይረዝም፤
መነጽሩን ይረሳል፣ እሱን ግን አይረሳም።

በጥቅምት፣ ቅዳሜ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ
ከኔቬር ተነሣን። እኔ መሪ ይዤ፣
እሱ ሲያጉረመርም መንገድ ለመንገድ፦
«የሰው ቤት ለማየት ሦስት ሰዓት መንዳት!
ባለቤቱ የለ፣ ማን ‹ግቡ› ሊለን ነው?
ማን ሊያቀርብ ነው እራት?»
እናቴ ብትኖር እንዲህ ባላለ ነበር።
ቬርሳይ ቬርሳይ ስትል የኖረች እሷ ነበረች፤
ካላንደሩን ወጥ ቤት ሰቅላ
ዓመቱ አልቆም ያላወረደች።

ስንደርስ ሰልፉ አደባባዩን ሁለት ጊዜ አጥፏል፤
አጥሩ ላይ የተለበጠው ወርቅ የጠዋት ፀሐይ ጠጥቷል።
አባቴ ወርቁን ዞር ብሎም አላየ፤
አቀርቅሮ፣ በጫማው ጫፍ ድንጋዩን እየለየ፣
«ይህን ያነጠፈ ሰው» አለኝ፣ «ጉልበቱን ጨርሷል።»

ከክፍል ወደ ክፍል፣ ሰው ሰውን እየገፋ፤
አልጋው በመጋረጃ፣ መጋረጃው በወርቅ ክር፣
ክሩ በአበባ ጠፋ።
የመስተዋቱ አዳራሽ ገባን።
ሕዝቡ ስልኩን አንሥቶ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ
አባቴ በርከክ አለ ወለሉ ላይ።
ሦስት መቶ ሃምሳ ሰባት መስተዋት፤
በየመስተዋቱ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ግራጫ ካፖርት።
ላየው፣ ዘግይቶ የደረሰ እጅ ነሺ ይመስላል፤
እሱ ግን የእንጨቱን ልክ ይለካል።

ጥበቃዋ መጣች። ደረቷ ላይ «ኤግላንቲን» ይላል።
«ሙሴ፣ ምን ጠፋብዎ?»
«ምንም። አረፋዋ አልቀመጥ ብላኝ ነው።»
ትቆጣለች ስል ጎንበስ አለች፤
«ልክ ነው?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች።
«ልክ አይደለም። ወደ ቀኝ ያዘነብላል።»
«ለዚህ ነዋ ሲመሽ
ቀኝ እግሬን ለይቶ የሚያመኝ!» አለች።
አባቴ ሳቀ።
እናቴን ከቀበርን ወዲህ ያልሰማሁትን ሳቅ።

ወለሉ እኮ አይደለም።
እጁ ነው።
ካለፈው ክረምት ወዲህ ሾርባውን ከማንኪያው የሚያፈሰው፣
ሸሚዙን ስቆልፍለት ሁለታችንም እንዳላየን የምናልፈው።
ውሃ ልኩን አስቀምጦ አልለቀቀውም፤
ጣቱ ሲርድ አረፋዋ ትርዳለች።
ሴትዮዋም አይታለች፤
ዓይኗ ከእጁ ወደ ዓይኔ ደርሶ ተመለሰ።
የእግሯ ነገር እውነት ይሁን ውሸት
አልጠየቅኋት።

አትክልቱ ውስጥ ዛፉ ሁሉ ተሰልፎ፣ ትከሻው ተላጭቶ፤
ሾጣጣው ከሾጣጣው እኩል፣ ጥላው ራሱ ተሰፍቶ።
«ይህስ ሥራ ነው» አለ፣ በገመድ የተሳለውን መንገድ በአንድ ዓይኑ አነጣጥሮ፤
ወዲያው ደግሞ አንዷን ቅርንጫፍ፣ መቀስ የሳታትን፣
በጣቱ ነካ አደረጋት፣ ከጓደኛ ጋር እንደሚጠቃቀስ ሰው።

በሰዓቱ ሙዚቃው ተነሣ፣ ውሃው ወደ ሰማይ ተተኮሰ፤
ሕዝቡ አጨበጨበ፣ የአንዱ ልጅ አይስክሬም ፈሰሰ።
«ሽቅብ መሄድ ጠባዩ አይደለም፣ አስገድደውት ነው፤
እዪው ሲመለስ እንዴት እንደሚጣደፍ።»
ቧንቧው ተዘጋ። ሰው ተበተነ።
ገንዳው ለጥቂት ጊዜ ተንፈቀፈቀ፣
ከዚያ ተኛ።
«እንደ ጌታው አይደለም» አለ አባቴ፣
«ውሃ ልኩን ያውቃል።»

እብነ በረዱ ጠርዝ ላይ ቢጫዋን አኖራት፣
ጣቱን ሳያነሣ።
«ልቀቀው፣ አባዬ።»
ቀና ብሎ አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ።
ለቀቀው።
አረፋዋ ወዲያ አለች፣ ወዲህ አለች፣
በሁለቱ መስመር መካከል ቆመች።
እጁን ኪሱ ከተተ፤ ኪሱ ውስጥ ሲርድ ጨርቁ ይታያል።
ምንም አላልንም። ብርድ ነበር። ዳክዬ ነበረ።

ማታ፣ የመንገድ ቀረጥ መክፈያው ጋ፣
ሳንቲም ፍለጋ ካፖርቱን ዳሰስኩ፤
ባዶ ነው ኪሱ።
«አባዬ! ውሃ ልክህን ረሳኸው!»
«ተዪው» አለኝ፣ ወደ ጨለማው እያየ፣
«እናትሽ የወደደችው ቤት ነው፤
የሚያይለት ሰው ይፈልጋል።»
መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነበረ።