አርባ ባዶ ሌሊት

ከፒክ ዱ ሚዲ ጫፍ፣ ከበረዶው ማማ፣
በገመድ መኪና ልትወርድ ወደ ከተማ፣
ማይቴና ጡረታ የወጣች ማለዳ፣
ደብተሯን ተወችልኝ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕዳ።

የአንዲት ኮከብ መዝገብ፤ ስም የላትም፣ ቁጥር፤
ከፀሐይ የቀዘቀዘች፣ ብርቱካን መሳይ፣ ጨቅላ ነገር፤
ጨቅላ ማለት እዚህ መቶ ሚሊዮን ዓመት፤
ሁለት ቀን ተኩል ነው ራሷን የምትዞርበት።
ፊቷ ላይ ጠቃጠቆ፣ ጥቁር ጥቁር ነቁጥ፣
ዛሬ ከአናቷ ላይ፣ ነገ ከወገቧ ሥር የሚሯሯጥ፤
መግነጢስ ነው ይሄ፣ ከሆዷ የተቀዳ፣
ክሩ ሲጠማዘዝ ቆይቶ በእሳት የሚፈነዳ።

ፀሐይ አዋቂ ናት፤ በአሥራ አንድ ዓመት ገደማ
ነቁጧ በዝቶ ያንሳል፣ ዋልታዋ ይገለበጣል፣ ማንም ሳይሰማ።
ይህችኛዋ ግን ቀጠሮ አታውቅም፤
ሦስት ዓመት ትሞቃለች፤ ዙር ነው ስትል፣ አይደገምም።

«መጋቢት ስምንት። ደመና።
መጋቢት ዘጠኝ። ደመና። ሾርባው ጨው በዝቶበታል።
መጋቢት አሥር። ጠራ። ሰሜን ዋልታዋ አዎንታዊ፤ ደህና።
ቤኛት ደውሎ ነበር፤ ትምህርት ቤት ጠልቷል።»

ከዚያ ገጹ ነጭ ነው። አርባ ባዶ ሌሊት።
ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ የአየሩን መዝገብ አገላብጬ አይቼበት።

አወቅሁት ዘግይቼ፦ በአሥራ ስድስት ዓመቱ
ቤኛት በር ወርውሮ ጠፍቶ ነበር ከቤቱ፤
እሷም ተራራውን ጥላ፣ ከባቡር ጣቢያ ባቡር ጣቢያ፣
ከታርብ እስከ ባዮን፣ ፎቶውን ይዛ መጠየቂያ።

በአርባ አንደኛው ሌሊት፦
ሰሜኗ አሉታዊ። ዋልታው ተገለበጠ!
ስንት ዓመት ዓይን ፈጥጦ የተጠበቀው ነገር፣
ማንም ባላየበት፣ በነጩ ገጽ መካከል አመለጠ።
ከሥሩ በእርሳስ «ዞረች» ብላ ጽፋለች፤
ሰርዛ «ዞረ»፤ ደሞ እሱንም ሰርዛለች።

«ልጅና ኮከብ አንድ ነው?» ብዬ ብጠይቃት፣
ሳቀች፤ «ሞኝ አትሁን፤ ኮከብ ምሳ አይቋጠርላት።»
ግን አንድ ነገር ነገረችኝ፣ ገመዱ ላይ ስትሳፈር፦
«የምታብድበት ያ መግነጢስ፣ ነፋሷን ይዞ ሲበር፣
ሽክርክሯን ይቀንሳል፣ በየዘመኑ ቆንጥሮ፤
የሚያሳብዳት ነው የሚያሰክናት፤ ልጓሟ ከዚያው ተፈትሎ፣ ተቋጥሮ።»

በሩ ተዘጋ። ቁልቁል ጉም ዋጣት።

ዛሬ ማታ ጠርቷል። ጉልላቱን ከፈትሁ፤
ነጩን ገጽ ነጭ እንዳለ ተውሁ፤
ከመጨረሻው መስመር ሥር ቀን ጻፍሁ። ዋልታ? ገና ነው። ነቁጥ? ታይቷል።
ሾርባው ዛሬም ጨው በዝቶበታል።