መመለሻው ቱቦ

አሬሲፌስ፣ ሐምሌ፣ ውርጭ ያለበት ሌሊት፤
ካርቡራተሩ ጠግቦ ያድራል በስድስት፤
የግፊቱ ጌጅ ግን አሥራ አንድ ይላል።
ቶሪኖው ሲነሳ ያስላል፣ ይጨሳል፣
ካንዴላው ሲፈታ ከል ለብሶ ርሷል።
ተንሳፋፊው ሽቅብ መርፌውን ቢገፋ
ጎርፉ ያስከፍተዋል፤ ካፉ ቤንዚን ተፋ።

ኤላዲዮ "ፓምፑ ነው" ብሎ አውልቆ ጣለ፣
አዲስ ገጠመና "አሁንስ?" አለ።
አሥራ አንድ።
ሬጉሌተሩን ፈቶ ሞላውን አላላ፤
ጌጁም ይዋሽ ይሆናል፣ አሰረበት ሌላ።
አሥራ አንድ።
እሑድ ውድድር ነው።

ሚርታ፣ የእህቱ ልጅ፣ አፏ የማይፈታ፣
ባትሪ በጥርሷ ነክሳ፣ በጀርባዋ ተኝታ፣
ሄደች እስከ ታንከሩ በዳበሳ፣ በእርጋታ።
"አጎቴ፣ መሄጃውን ሺ ጊዜ መረመርክ፤
የሚመለስበትን አንዴ እንኳ ዳበስክ?"

ፋሸታ። አንዲት ፋሸታ፣
ባለፈው ክረምት ራሱ ያጠበቃት፣
እንዳትላላ ብሎ በሙሉ ክንዱ ያነቃት።
ቱቦው ተጨፍልቋል። የተረፈው ቤንዚን መግቢያ አጥቶ
ፊት ለፊት ያገኘውን ይገፋል ተቆጥቶ።

በካቻቢቴ ጫፍ ሁለት ዙር አላላች፤
የጌጁ ቀስት ዘጠኝ፣ ሰባት እያለች
ስድስት ላይ ተንቀጥቅጣ ቆመች።

ኤላዲዮ ዝም አለ።
ከቁርጥራጭ ብረት ያን ፓምፕ ለይቶ አነሳው፣
በጨርቅ ወለወለው፣ እንደ በደለ ሰው፤
ከመደርደሪያው ላይ፣ ከቦታው መለሰው።