ሦስተኛው ሽያጭ

የመጀመሪያውን ጀመርሁ ከፎቶ ቤቱ ፎቅ ላይ፣
በሁለት ኮምፒውተር፣ በተውሶ ወንበር፤
መብራት ሲሄድ ጣናን በመስኮቱ ስናይ፣
ሲመጣ የገበሬ ማኅበር ሒሳብ ስናጥር ነበር።

ሸጥሁት። ሁለተኛውን ለባንክ ሠራሁ፤
ሌባ ሳልሆን እንደ ሌባ ሳስብ አደርሁ፦
የቱ ወደብ ክፍት ነው? በየት በኩል ይገባል?
እንቦጭንስ ጣና መቼ ግባ ብሎታል?

እሱንም ሸጥሁት።

ሦስተኛውን ትናንት፣ ከሐይቁ ዳር ያለውን፣
ፈረምሁ፤ ሁለት ጊዜ ቆጠርሁ ዜሮውን።
ሌሊቱን በሕልሜ አንድ ቀዳዳ አይቼ፣
ጧት መጣሁ፣ ለሰበብ ጃንጥላ ረስቼ።

ካርዴን አስጠጋሁት፤ ቀይ መብራት በራ።
ጋሽ አንሙት ብድግ አሉ፣ ተደግፈው ከዘራ፤
«ማንን ፈልገው ነው?» አሉኝ፣ ስሜን እያወቁ።
እኔው ነኝ «በደንብ ይጠብቁ፣
የሚያውቁትን ፊት አይመኑ፣ ካርዱን ብቻ» ያልሁት፣
ደንቡንም ከድርጅቱ ጋር አብሬ የሸጥሁት።

«ጌታዬ፣ የታዘዝሁትን ነው» አሉ አንገት ደፍተው፤
ጃንጥላዬን አመጡልኝ ራሳቸው ገብተው።

ሳልዘረጋው ቆምሁ። ካፊያው ከደሴቶቹ በኩል ይመጣል።
ሥራዬ ጥሩ ነው፤
እኔን እንኳ ከልክሏል።