የእርሳስ ሽርጥ

ሰባት ኪሎ እርሳስ ለብሼ እውላለሁ፤
"ትንፋሽሽን ያዢ፣ አትነቃነቂ" እላለሁ፤
"እርጉዝ ነሽ ወይ?" ብዬ ሁሉን እጠይቃለሁ፤
ቁልፉን ልጫን ስል ከግንቡ ጀርባ እሸሻለሁ።
ደረቴ ላይ ያለች የጨረር መለኪያ
በሦስት ወር አንዴ ትሄዳለች ወዲያ፣
አዲስ አበባ ደርሳ ሒሳቤን ታወራ፤
እስካሁን ግን ማንም በስሜ አልጠራ።

ልጄ ጸዳለ ግን፣ አራተኛ ክፍል ናት፣
ማርስ የሚሉት መንደር ልቧ ውስጥ ገብቶባት፣
"አባዬ፣" አለችኝ፣ "እዚያ መንገድ ላይ
ጨረር እንደ ዶፍ ነው አሉ፣ የማያባራ ከላይ፤
ስንት ወር ይሄዳሉ፣ ጣሪያም የላቸው፣
ያንተን ሽርጥ ለምን አትልክላቸው?"

ሣቅኩኝ። ወዲያው ደግሞ ሣቄ አሳፈረኝ፤
ኮሌጅ ያስተማሩን አንድ ነገር ጫረኝ፦
እርሳስ የሚችለው ይህን የኔን ጮርቃ፣
ከግድግዳ ሶኬት ተነሥቶ የሚነቃ፤
የዚያኛው ሌላ ነው፤ ከፈነዳ ኮከብ የተወረወረ፣
እርሳስ ቢጋርዱት መቶ ሆኖ እየተፈናጠረ።
"የኔስ ሽርጥ" አልኳት፣ "ይከብዳል እንጂ አያድን፤
ውኃ ነው የሚሻል፣ ዙሪያውን ቢከድን።"

እሑድ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያ ወረድን።
አባ ኮዳ ቆሟል ሆድ ዕቃ ሲጠብቅ፣ ክንፉን ሰብስቦ፤
ሌዳሞ አምባዛውን ከነነፍሱ ጨመረው፣ ባልዲ አቅርቦ።
ሆቴል ነው አሉ ያዘዘው፣ ሕይወት እንዳለው፤
ከዚያ ሁሉ ሐይቅ የቀረለት አንድ ክንድ ነው።
ባጃጁ ተነሣ። ጉብታው ላይ ዘለለ። ባልዲው ረጨ።
"እንዲህ ነው?" አለች ጸዳለ፣ ዓይኗ እንደፈጠጠ።
"እንዲህ ነው።"

ማታ እርሳሷን ቀርጻ ደብተሯ ላይ ሣለች፤
መንኮራኩር ሠራች፣ ሐይቁን አለበሰች፤
መሐል ሁለት ሰዎች፣ ዙሪያቸውን አምባዛ።
ከዚያ አሰበችና፣ እርሳሷን በጥርሷ ይዛ፣
"ግን ከጠማቸውስ? ግድግዳውን ይጠጡታል?"
"ይጠጡታል፣" አልኳት፣ "መልሰው ይሸኑታል፣
አጣርተው ደግሞ ግድግዳ ያደርጉታል።"
በሣቅ ሞተች።

ስትተኛ በረንዳ ወጣሁ። ታቦር ጨልሟል።
ይኼ ከላያችን ባዶ የሚመስለው
አየሩ ቢመዘን፣ ውኃ ቢያደርጉት፣ ስምንት ሜትር ነው፤
የሌዳሞ መረብ ከሚደርስበት ብዙም አያንሰው።
አምባዛ ነን እኛም፣ ጭቃው ላይ ተኝተን፣
ከላይ የሚወርደው ሳይደርስ ሲቀልጥልን።

ትንፋሼን ያዝኩኝ፣ እንደ በሽተኛ።
ማንም ቁልፍ አልተጫነም። ገባሁ፣ ልተኛ።