ዋናው ከክዳኑ ሥር

ደብረ ማርቆስ፣ ከግቢው በር ማዶ፣ ከባጃጅ መቆሚያው ዳር፣
አንዲት ቆርቆሮ ቤት አለችኝ፣ ከአንድ ሽማግሌ ማሽን ጋር።
ገጹ ሦስት ብር ነው፤ ላሚኔሽን ሌላ ዋጋ አለው፤
መብራት የሄደ ቀን ግን ወሬ ብቻ ነው የምሸጠው።

ሃያ ዓመት የሰው ወረቀት ሳገላብጥ፣
የስንቱን ዕጣ አየሁ፣ በዚህ መስታወት ላይ ሲቀመጥ፦
የልደት ካርዱን፣ ትራንስክሪፕቱን፣ የቀበሌ መታወቂያውን፣
ጉርድ ፎቶው ላይ ሳቁን የዋጠ የገጠር ልጅ ፊቱን።
«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። ሐሰት።
እኔ ዓባይን የተሻገርሁት አንድ ጊዜ ነው፣ ለዓይን ሕክምና፣ በሌሊት፤
ግን ሲመሽ፣ ማሽኑ ሲቀዘቅዝ፣ የሚናፍቀኝ ከተማ አለ፣
በሰው ደብዳቤ ራስጌ ያየሁት፣ በሰማያዊ ቀለም የተሳለ።

ዛሬ ጧት እናንዬ መጣች፣ የአዝመራው ልጅ፣ ከሰናን፣
የጮቄ ጭቃ ጫማዋን እንደያዘው እስካሁን።
ዕፅዋት ነው የምታጠና፤ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤
ከሆላንድ የመጣ ደብዳቤ ደረቷ ላይ ለጥፋለች።
«አንድ ዓመት ነው፣ ወጪው በእነሱ። አምስት ኮፒ» አለችኝ፤
ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ልቅር ይሆን?» ጠየቀችኝ።

አባቷ፣ «ለድንች ብለሽ ባሕር ማዶ? ድንቹ እዚህ አይደል?» ብሏል።
ሳቅሁ። ድንቹስ ራሱ ባሕር አቋርጦ መጥቷል፤
የማያውቀው አፈር ገብቶ፣ ውርጩን ለምዶ፣ ሥር አብጅቶ፣
አሁን ማን እንግዳ ይለዋል፣ ከእኛው ገበታ ቀርቦ፣ ከእኛው ሽሮ ጎን ተገኝቶ?

«አንች ልጅ» አልኋት፣ «ከዚህ ማሽን ጋር ኖሬ አንድ ነገር ገባኝ፦
ኮፒ ከኮፒ ሲነሣ፣ አራተኛው ላይ ፊደሉ ከዳኝ።
የድንች ምች ሀንድአውታችሁን፣ ምዕራፍ ሦስትን፣ ታውቂዋለሽ?
ሃያ ዓመት አባዛሁት፤ ሥዕሉን ጥላሸት መስሎ ታይዋለሽ፤
ቅጠሉ የቱ፣ በሽታው የቱ? መምህሩም አይለየው፤
ከመምህሩ ነው የወረሰው፣ ያም ከሌላ ኮፒ ነው ያየው።
ሄደሽ ቅጠሉን እይው እንጂ፣ በአጉሊ መነጽር፣ ሕይወት ሳለው፤
የአባትሽን ማሳም ንገሪያቸው፣ ያላነበቡት ስንት ገጽ አለው!

ደግሞ አዲስ ነገር አይምሰልሽ። ታላቅ ወንድሜ መሪጌታ ልሳነወርቅ፣
አራት ወንዝ ነው የተሻገረው፣ ከእናታችን ድምፅ ለመራቅ።
‹ቅኔ ለመቁጠር ምን አራቀህ? መምህር እዚህም አለ› ቢሉት፣
‹ስሜን በማያውቁበት ደጅ ነው› አለ፣ ‹የራሴን ድምፅ የሰማሁት።›»

አልዋሸኋትም። ይበርዳል አሉ፤ ዓመት በዓሉም በስልክ ነው፤
ከክፍል አንደኛ መሆንሽን እዚያ የሚያውቅልሽ ማን ነው?

ዝም አለች። ከዚያ፣
«ባልመለስስ?»
መልስ አልነበረኝም።
ያልተመለሱ አሉ፤ ወረቀታቸውን በእጄ ያነሣሁላቸው፤
እናቶቻቸው ዛሬም ይመጣሉ፣ በስልክ የተላከ ፎቶ ላትምላቸው።

የራሴን ግን ነገርኋት። እኔም አንድ ደብዳቤ ነበረኝ፣
ሰኔ ላይ የደረሰ፣ አጎቴ ከፖስታ ቤት ያመጣልኝ።
«ዝናቡ ይለፍ» አልሁ።
ዝናቡ አለፈ።
ደብዳቤውም።

እናንዬ ሃያ ብር አስቀምጣ፣ አምስቱን ኮፒ ይዛ ሮጠች፤
ባጃጇ ከአስፋልቱ ስትታጠፍ ታየችኝ፤ ጠፋች።
ክዳኑን ሳነሣ ዋናው እዚያው ነበር፣ ከመስታወቱ ተጣብቆ፣
እንደተኛ ሰው ጉንጭ ሞቆ።
በሩ ላይ ወጥቼ ቆምሁ። ብዙም አልቆየ፣
ጫማዋን አንጠልጥላ፣ በጭቃው ስትመለስ ዓይኔ አየ፤
«ጋሼ ስመኘው! ዋናውን! ዋናውን ረሳሁት!»
«እኔ ጋ ነው» አልኋት፤ አቧራውን ጠርጌ ሰጠኋት።
ከኪሴም አምስት ብር አወጣሁ። «ቆይ እንጂ፣ ምን አስቸኮለሽ፤
መልስ አለሽ።»