ጭረቷ

ኦልያው ላይ ሲመሽ፣ ከሰርዲን ፋብሪካ ስገባ ከቤቴ፣
በሎሚ ልጣጭ ታሽቶም ዓሣ ዓሣ ይላል ጣቴ።
ቶሜ ይጠብቀኛል፣ ወንበር ላይ ተሰቅሎ፣ እግሩ ወለል ሳይነካለት፣
ፊቱ የጀማሪ ደብተር፣ ጥንድ ጥንድ መስመር ያለበት።
"እማ፣ ስሜን ልጻፍ?" "ጻፍ እስቲ" እላለሁ፤
ካፖርቴን ሳላወልቅ ከጎኑ እቀመጣለሁ።

ቴ ጣራ ያላት ምሰሶ ናት። ኦ ደግሞ እንቁላል፤
"ዞረህ ዞረህ ስትመለስ በሩን ዝጋ" ይባላል።
ኤሜ ሦስት ጉልበት አላት፣ እሱ አራት ያደርጋታል፣
ቆጥሮ ቆጥሮ ይስታል፣ ደግሞ ይቆጥራታል።
ኤ መጨረሻ ትመጣለች፣ ጅራቷን ወደ ላይ ሰቅላ፣
መስመሩን ጥላ ትወጣለች፣ እንደ ድመት ተንጠላጥላ።

ጭረቷን ግን ይረሳል።
ከኤ አናት ላይ ጋደል የምትል፣
ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ።
"ቶሜ፣ ያለሷ እኮ ስምህ ሌላ ቃል ነው፤
'እንካ' ማለት ነው፣ 'ውሰድ' ማለት ነው።
ጭረቷን ከተውካት ማንም አይጠራህም፣
ያቀብልሃል እንጂ።"
"ታዲያ ያቀብሉኛ!" ብሎ ይስቃል፣ በወለቀው ጥርሱ በኩል።

ዛሬ ግን እርሳሱ በግራ እጁ ነው።
ክንዱን አጥፎ፣ እንደ ሸርጣን ጎብጦ ይገፋል፤
የጻፈውን መልሶ በመዳፉ ይጠርጋል፣
መዳፉም የከሰል ሻጭ መዳፍ መስሏል።

"በዛኛው!" አልኩት።
ድምፁ የእኔ አልነበረም።
የዶና ኤርሜሊንዳ ነበር።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ነጭ ሪባን ይዛ መጣች፤
ለጸጉሬ መስሎኝ አንገቴን ሰበር አደረግሁላት።
እሷ ግራ እጄን ከወንበሩ ጀርባ አሰረች።
ቋጠሮው ያምር ነበር፣ የስጦታ ዕቃ ይመስል።
"ይኸው፣ አሁን ሰው ሆንሽ" አለች።
ቤት ስገባ ለእናቴ አልነገርኳትም፤
ምን ብዬ? ያገር ምርቃት ሁሉ "በቀኝ ያውልሽ" ነው።

ቀኜ ተማረ። ጽሕፈቴ ቀጥ አለ፣ ተመሰገነ፤
ፈረንሳይ ለሄደው ባል ሁሉ ደብዳቤው በኔ ሆነ።
የሰው ናፍቆት ስጽፍ አደግሁ፣ ሥርዓቱን ጠብቄ፣ ሳላበላሽ፤
ግራዬ ግን ሰባት ዓመቷ ላይ ቀረች።

ፋብሪካ ስገባ ደሞ ማን ጠየቀኝ?
ራስና ጭራ እያፈራረቁ ዓሣው ሲደረደር
ግራዬ ነች ቀዳሚ፣ ቢላውም በሷ ሲያምር፤
ክፍያው በቆርቆሮው ቁጥር፣
በእጁ ጎን መች ነበር!

ቶሜ ቀና ብሎ ያየኛል። ዓይኑ እንባ አዝሏል።
እርሳሱን ወደ ቀኙ ሊያዛውር ነው።
ግራ ገባኝ።
እውነት ነው የምለው፣ ግራ ገባኝ፣
ከትከሻዬ ጀምሮ እስከ ጣቴ ጫፍ ድረስ።

"ቆይ" አልኩት። እርሳሱን ተቀበልኩት፤
ደብተሩን ወደ ቀኝ ጋደል አደረግሁት፣
እጅ ከመስመሩ በታች እንዲሄድ፣
የጻፈውን እንዳይረግጥ።
"እማ፣ አንቺም?" አለ።
እኔም።

ስሙን ጻፍኩ። ቴዬ ተንገዳገደች፤
ኦዬ በሯን ሳትዘጋ ወጣች፤
ኤሜዬ አራት ጉልበት አበቀለች፤
ስጫን ስጫን፣ ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረው።
ሠላሳ ምናምን ዓመት የታሰረች ልጅ
አረማመዷ እንዲህ ነው።

ቶሜ አንገቱን አሰገገ፤
እንደ መምህር አፉን አሞጠሞጠ፤
"ጭረቷን ረሳሽ" አለኝ።
"'እንካ' ነው የጻፍሽው።"

እርሳሱን ዘረጋሁለት።
በግራው ወሰደው፣ ምላሱን ነክሶ፣
በተወላገደው ስሙ አናት ላይ
አንዲት የሩዝ ፍሬ አስቀመጠ።
ከዚያ ላጲሱን አነሳና
ከኤሜዬ ጉልበቶች አንዱን አጠፋልኝ።